የቀበሌ ኪነት፦ የሰፈር ልጆች ያቆሙት መድረክ

የቀበሌ ኪነት በደርግ ዘመን የሰፈር ወጣቶች በየቀበሌያቸው ያቋቋሙት የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የድራማ ቡድን ነው። በገጠርም በገበሬ ማኅበራት ሥር ተመሳሳይ ቡድኖች ነበሩ። ዛሬ አንጋፋ የምንላቸው ብዙ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ማይክ የጨበጡት እዚያ ነው።

ከአብዮቱ በፊት መድረክ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ነገር ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይጠቀሳሉ።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በቀበሌ ተደራጁ። ቀበሌው የስብሰባ አዳራሽ ያዘ፤ ከስብሰባ የተረፈውን ሰዓት ደግሞ ልጆቹ ያዙት።

ቡድን ማቋቋም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር። ቀበሌው ይመዘግባል፤ ድምፅ ያለው ይዘፍናል፤ ትከሻ ያለው ይወዛወዛል። ከሰፈሩ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ከበሮ ካለ ልምምድ ይጀመራል። ድራማውን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው አስተማሪ ወይም የጻፈውን ማሳየት የሚወድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። መጋረጃው አቡጀዲ ነው። የሴቶቹ ቀሚስ ከእናት ወይም ከጎረቤት ይዋሳል፤ በማግስቱ ታጥቦ ይመለሳል። ልምምዱ ከትምህርት መልስ ስለሆነ ወላጅን ማሳመን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። በተለይ የሴት ልጅ እናት "ማን ይሸኛታል?" ማለቷ አይቀርም። መልሱ ተራ ገብቶ እስከ ደጃፍ ማድረስ ነበር።

ዝግጅቱም የታወቀ መልክ ነበረው። በኅብረት መዝሙር ይከፈታል። ቀጥሎ የየብሔረሰቡ ውዝዋዜ፣ አጭር ድራማ፣ ከዚያ ነጠላ ዘፈን። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ ምሽት የጎጃሙን እስክስታ፣ የጉራጌውን ጭፈራና የወላይታውን ወገብ ይጫወት ነበር። ይህን ያህል ሀገር ለልጆች ያስተዋወቀ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል።

ጎበዞቹ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ማለትም በርካታ ቀበሌዎችን ወደሚያቅፈው የከተማ አስተዳደር እርከን፣ ያድጉ ነበር። አዲስ አበባ ያኔ 25 ከፍተኛዎች ነበሯት፤ ፉክክሩም የዋዛ አልነበረም። በ1972 ዓ.ም. አኢወማ (የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር) ሲመሠረት የወጣቱ ኪነት ሌላ አለኝታ አገኘ። መስከረም 2 የአብዮት በዓል ነበርና ነሐሴን ሙሉ ከበሮ ሲመታ ይከርም ነበር።

ከክፍለ ሀገር የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይና የጎንደሩ ፋሲለደስ ገናና ነበሩ። የአምባሰሏ ንግሥት ማሪቱ ለገሰ የላሊበላ ፍሬ ናት። ይሁኔ በላይም ከግሽ ዓባይ የወጣ ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ "ሕዝብ ለሕዝብ" በሚል በድርቁ ጊዜ እጃቸውን የዘረጉ አገሮችን ለማመስገን ውጭ የዞረው ትልቅ ጓድ ከየክፍለ ሀገሩ ባለሙያዎችን ይዞ ነበር።

ኪነት የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ነበር የሚሉ አሉ። መዝሙሮቹ መንግሥትን ማወደሳቸው አይካድም። በግዳጅ የገባም ነበር ይባላል፤ ይሁን እንጂ እስክስታን በግዳጅ እንዲያ አድርጎ መምታት የሚቻል አይመስልም። የበለጠ የሚያከራክረው የዜማ ባለቤትነት ነው። ቡድኖቹ ከገጠር አዝማሪዎችና ከሠርግ ቤት የለቀሟቸው ዜማዎች በኋላ በካሴት ሲወጡ፣ ብዙዎቹ "ሕዝባዊ" ተብለው ታለፉ። መጀመሪያ ያዜመው አዝማሪ ስሙ አልተጻፈም። ዜማውን አጥንቶ ለመድረክ ያበቃው የኪነት አሠልጣኝም እንዲሁ።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ አብዛኞቹ ቡድኖች ተበተኑ። ቦታቸውን አማተር የቴአትር ክበባት፣ የሰርከስ ቡድኖች፣ በኋላም የፀረ ኤድስ ክበባት ወሰዱ። ከተወዛዋዦቹም ወደ ባህል ምሽት ቤቶች የገቡ አሉ።