«ልቤ ንጹሕ ነው» አይበቃም፦ ስለ አጋርነት እና አካታች ንግግር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከስድስት ሰዎች አንዱ፣ በጠቅላላው ወደ 1.3 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ኑሮውን በእጅጉ የሚነካ የአካል ጉዳት አለበት። እንግዲህ ጉዳዩ የማይመለከተው ቢሮ፣ የማይነካው ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። እንዲያም ሆኖ አብሮ ስለ መሥራት እና ስለ መነጋገር በልበ ሙሉነት የምንደግማቸው ብዙ ነገሮች ስሕተት ናቸው። አብዛኞቹ ከክፋት አይመነጩም፤ ሥር የሰደዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ክፉ ንግግርን ሰው ይቃወመዋል፤ በደግነት የሚፈጸም ስሕተትን ግን ማን ይነካዋል? የማነሣቸው ምሳሌዎች በብዛት ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በሌላ ምክንያት ወደ ዳር ለሚገፋ ሰውም ግን ይሠራሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ማንንም ማግለል አልፈለግሁም፤ ስለዚህ አላገለልሁም»

ይህ ከሁሉም የሚቀድመው ስሕተት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አድልዎን ሲተረጉም የሚመለከተው ዓላማን ብቻ አይደለም፤ «ዓላማው ወይም ውጤቱ» ይላል። ከአቅም በላይ ያልሆነን ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ለሰውየው የሚያስፈልገውን ማስተካከያ፣ መንፈግም በስምምነቱ መሠረት አድልዎ ነው። ስብሰባው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከተጠራ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ባልደረባ የጠሪው ቅንነት አይደርስለትም። የሚደርስለት አስቀድሞ «ሁሉም ሰው እዚህ መግባት ይችላል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። አጋርነት፣ ማለትም ከተገለለ ሰው ጎን መቆም፣ በስሜት ሳይሆን በዝግጅት የሚለካ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

«መስማት የተሳነው ሰው ከንፈር ያነባል፤ ካልሆነም የምልክት ቋንቋ በዓለም ሁሉ አንድ ነው»

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ተደራርበዋል። ከንፈርን አይቶ ንግግርን የሚከተል ሰው አለ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ድምፆች በአፍ ውስጥ ወይም በጉሮሮ ስለሚፈጠሩ ከውጭ አይታዩም። የሚታዩትም ይመሳሰላሉ። በመስተዋት ፊት ድምፅ ሳያሰሙ «በላ» እና «መላ» ብሎ መሞከር ይበቃል፤ ከንፈር በሁለቱም ላይ ያው ነው። ስለዚህ ከንፈር የሚያነብ ሰው ያየውን ቁራጭ፣ የወሬውን አካሄድ እና የተናጋሪውን ፊት እያገናኘ ቀሪውን ይገምታል። ይህ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ በጣም የሚያደክም ሥራ ነው። ተናጋሪው ወደ ሰሌዳው ሲዞር፣ አፉን በእጁ ሲሸፍን፣ ብሩህ መስኮት ከጀርባው አድርጎ ሲቆም ወይም ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ክሩ ይበጠሳል። መጮህም የከንፈርን ቅርጽ ያዛባል እንጂ አይረዳም።

የምልክት ቋንቋን በተመለከተ ደግሞ በዓለም ከ300 በላይ የምልክት ቋንቋዎች አሉ። የአሜሪካ እና የብሪታንያ ሕዝቦች የሚናገሩት እንግሊዝኛ ቢሆንም የሁለቱ አገሮች የምልክት ቋንቋዎች እጅግ የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካው ይልቁንስ ለፈረንሳዩ ይቀርባል፤ በ1817 በአሜሪካ፣ በሃርትፎርድ ከተማ፣ መስማት ለተሳናቸው ለተከፈተው ትምህርት ቤት ከመሥራቾቹ አንዱ ከፓሪስ የመጣው መስማት የተሳነው መምህር ሎራን ክሌር ነበርና። እነዚህ ቋንቋዎች የየራሳቸው ሰዋስው ያላቸው ሙሉ ቋንቋዎች መሆናቸውንም የቋንቋ ተመራማሪው ዊልያም ስቶኪ በ1960 ባሳተመው ጥናት ማሳየት ጀመረ።

ከዚያ በፊት የሆነው ግን ያሳዝናል። በ1880 በጣሊያን፣ በሚላን ከተማ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተሰበሰቡ፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ እና በምትኩ የአፍ ንግግር ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ። ተሰብሳቢዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ። በብዙ አገሮች ለትውልዶች ያህል ሕፃናት በእጃቸው እንዳይነጋገሩ ተከለከሉ። ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ውሳኔውን በይፋ የተቃወመው በ2010 በቫንኩቨር ነው። ከ1880 እስከ 2010 መቶ ሠላሳ ዓመት ነው። መምህራኑ ለልጆቹ የሚበጀውን እናውቃለን ብለው ያመኑ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቹን እና መስማት የተሳናቸውን አዋቂዎች ግን አልጠየቁም።

«አስተርጓሚ ወይም አጃቢ ካለ ለእሱ መንገር ይቀላል»

ለተናጋሪው ይቀል ይሆናል። በአጠገብ ያለን ትልቅ ሰው ትቶ አጃቢውን «ምን ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ግን ሰውየውን ከክፍሉ ማስወጣት ነው። ዓይናችን ያለው በምናነጋግረው ሰው ላይ መሆን አለበት፤ «እንዲህ በለው» ሳይሆን በቀጥታ «ምን ይመስልዎታል?» እንላለን። ሌላም መታረም ያለበት አለ፦ ባልደረቦቹን ሁሉ «እርስዎ» እያለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠውን የዕድሜ እኩያቸውን «አንተ» የሚል፣ ድምፁንም እንደ ሕፃን የሚያለሰልስ ሰው አለ። ይህ ፍቅር አይደለም፤ ማዕረግ መቀነስ ነው።

«ማየት ለተሳነው ሰው ‹አየህ?› ማለት ነውር ነው»

አይደለም። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸው «ያን ዜና አየሁት» ይላሉ። የሚያስቸግረው ስም ሳይናገሩ ወሬ መጀመር፣ ሳይሰናበቱ መሄድ እና «ወረቀቱ እዚያ ጋ አለልህ» ማለት ነው። «ከፊትህ፣ በቀኝ በኩል» ቢባል ጉዳዩ ያልቃል።

«ለመርዳት ፈቃድ አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። ማየት የተሳነውን ሰው ክንዱን ይዞ መጎተት ሚዛኑን ያሳጣዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመቸው እሱ ራሱ የመሪውን ክንድ ከክርን ከፍ ብሎ ሲይዝ ነው። ነጭ በትሩን መያዝ መንገዱን የሚያውቅበትን መሣሪያ መንጠቅ ነው። የሰውን ተሽከርካሪ ወንበር ሳይጠይቁ መግፋትም ሰውየውን ራሱን ከመግፋት አይለይም። «ላግዝዎት?» ብሎ መልሱን መጠበቅ በቂ ነው። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ከተባለ ደግሞ ቅር ሳይሉ ማለፍ ነው።

«ለጥቂት ሰዎች ተብሎ ሁሉም ይጉላላል»

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ተብሎ ዝቅ የተደረገውን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች እና ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች ይጠቀሙበታል። በቪዲዮ ግርጌ የሚወጣው ጽሑፍ መስማት ለተሳናቸው ይዘጋጅ እንጂ ጫጫታ ባለበት ቦታ ያለ ማንኛውም ሰው ያነበዋል። የስብሰባው አጀንዳ ቀደም ብሎ በጽሑፍ ሲላክም ለሚንተባተበው፣ በሁለተኛ ቋንቋው ለሚሠራው እና በብዙ ሰው ፊት መናገር ለሚከብደው እኩል ይጠቅማል። መንተባተብን ካነሣን አይቀር፦ አረፍተ ነገሩን ልንጨርስለት አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የምንጨርሰው ሊል ባላሰበው ቃል ነውና። ሠንጠረዥ ላይም «ቀዩ አስቸኳይ፣ አረንጓዴው የተጠናቀቀ» ከማለት ጎን ለጎን ቃሉን መጻፍ ነው፤ ከአውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች መካከል ብቻ እንኳ ከ12 አንዱ ቀይ እና አረንጓዴን መለየት ያስቸግረዋል።

«አጋር ማለት ስለ ሌላው የሚናገር ሰው ነው»

የአካል ጉዳተኞች መብት ንቅናቄ መፈክር «ስለ እኛ፣ ያለ እኛ ምንም» የሚል ነው። የአጋር ሥራ ለሌላው መናገሪያ ቦታ ማስለቀቅ ነው። በስብሰባ ላይ አንዲት ሠራተኛ ያነሣችው ሐሳብ በዝምታ ታልፎ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ሲደግመው ሲመሰገን አይተን እናውቃለን። ያን ጊዜ «ሐሳቡን ቀድማ ያነሣችው እሷ ናት፤ እስቲ ታብራራልን» ማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ይወስዳል። ትከሻዋ ላይ ሌላ ሸክም ላለመጨመር ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ተገልላ የኖረችው ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ነፃ መምህር የመሆን ግዴታ የለባትም። በመጽሐፍ እና በስልጠና የሚገኘውን ራሳችን ፈልገን፣ ስለ ራሷ ፍላጎት ደግሞ እሷን መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻላል»

«ዝም አይነቅዝም» የሚል ብሂል አለን። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ስሕተትን ከመፍራት የተነሣ ባልደረባውን የሚሸሽ ሰው በስተመጨረሻ የሚያደርገው ማግለል ነው። ስንሳሳት «ይቅርታ» ብሎ ማረም እና መቀጠል ይበቃል፤ ረጅም ይቅርታ የተጎዳውን ሰው አጽናኝ ያደርገዋል።

የሚያዋርድ ቀልድ ሲነገርም እንደዚሁ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳርሊ እና ላታኔ በ1968 ባሳተሙት ሙከራ እንዳሳዩት፣ ችግር ሲፈጠር ብዙ ሰው ባለበት ቦታ እያንዳንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ ርዳታው ይዘገያል ወይም ይቀራል። ስለዚህ ቀድሞ የሚናገር አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ንግግሩም «ይህ አላሳቀኝም፤ ወደ ሥራችን እንመለስ» ያህል አጭር ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ቀልዱ የተወረወረበትን ሰው ለብቻው አግኝቶ ጉዳዩ ወደ ኃላፊ እንዲደርስ ይፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ተወው» ካለ፣ ቁጣችን ቢበረታም ውሳኔው የእሱ ነው፤ ምስክር ካስፈለገው እንደምንቆምለት ነግረነው እንተወዋለን።