ሕፃን ተኝቶ ትንፋሹ ሲቆም፣ ሐኪም ምን ያያል?

አራስ ቤት የነበረ ሰው ይቺን ያውቃታል። ሌሊት ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ይቆይና ድንገት ጭጭ ይላል፣ እናት ጣቷን አፍንጫው ስር ታደርጋለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትል መልሶ ይጀምራል፣ የሷ እንቅልፍ ግን ሄደ። ይሄ ባብዛኛው በሽታ አይደለም። ፔሪዮዲክ ብሪዚንግ ይሉታል፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆም ብሎ ከዛ ፈጠን ፈጠን እያሉ መተንፈስ ነው፣ ትንፋሽን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ገና ስላልበሰለ የሚመጣ፣ 6 ወር አካባቢ እየጠፋ የሚሄድ።

አፕኒያ ሌላ ነው። 20 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲቆም፣ ወይም ባጭሩ ቆሞም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከገረጣ፣ ከተዝለፈለፈ ወይ የልብ ምቱ ከቀነሰ። ከ28 ሳምንት በፊት የተወለዱት ጋ ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል ይታያል፣ ካፌይን ይሰጣቸዋል (አዎ የቡናው)። ቀኑን ጨርሶ የተወለደ አራስ ላይ ከመጣ ግን "ገና ነው" ተብሎ አይታለፍም፣ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ መንቀጥቀጥ ይፈለጋል።

ደህና የነበረ፣ አሁንም ደህና የሆነ ሕፃን "ቅድም ትንፋሹ ቆሞ ነበር" ተብሎ ሲመጣስ? ከ1986 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስሙ "ሕይወትን የሚያሰጋ የሚመስል ክስተት" ነበር፣ ስሙ ራሱ ወላጅ ይገላል። በ2016 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ብሩ በሚል ቀየረው፣ ከገንዘቡ ጋር አይገናኝም፣ ከ1 ደቂቃ በታች ቆይቶ ያለፈ ምክንያቱ ያልተገኘ ክስተት ማለት ነው። ሕፃኑ ከ60 ቀን በላይ ከሆነ፣ በጣም ሳይቀድም ከተወለደ፣ የመጀመሪያው ከሆነና የሰለጠነ ሰው ደረቱን መጫን ካላስፈለገው፣ ታሪኩም ምርመራውም ንፁህ ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው ይባላል፣ ቢበዛ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ)፣ የትክትክ ምርመራ፣ ጥቂት ሰዓት ማቆየት። ደም በብልቃጥ መቅዳት፣ ራጅ፣ ቤት ወስዶ ሞኒተር (ትንፋሽና የልብ ምት እየተከታተለ የሚጮህ ማሽን) መግጠም አይመከርም።

ሞኒተሩ ታሪክ አለው። በ1972 ስታይንሽናይደር የተባለ ሐኪም የትንፋሽ መቆምን ከድንገተኛ የሕፃናት ሞት ጋር አያይዞ ፃፈ፣ ከዛ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ማሽኑ ቤት ለቤት ገባ፣ ጉዱ የወጣው በኋላ ነው፣ ፅሁፉ ውስጥ የነበሩትን ወንድምና እህት የወለደችውን እናት በ1995 ፍርድ ቤት ልጆቿን በመግደል ጥፋተኛ አላት። በ2001 ደግሞ 1079 ሕፃናት ቤታቸው በሞኒተር ተጠንተው ቀናቸውን ጨርሰው ከተወለዱት ጤነኞች 43 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዴ ማሽኑ የሚመዘግበው ክስተት ነበራቸው። ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ጤነኛ የሚያስጮህ ማሽን ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ትልቁ ምርመራ ጥያቄ ነው። ተኝቶ ነበር ወይስ ነቅቶ፣ ጠብቶ ነበር፣ አቅርሽቷል፣ ፊቱ ቀላ ወይስ ጠቆረ፣ አይኑ ወዴት ነበር፣ በራሱ ተመለሰ ወይስ ነካካችሁት፣ ቤት ውስጥ ጉንፋን ወይ ትክትክ ያለበት አለ? በስልክ የተቀረፀ ቪዲዮ ካለ ከግማሽ ሰዓት ወሬ ይበልጣል። እኛ ጋ ጤና ጣቢያም ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ትንፋሽ ሙሉ 1 ደቂቃ ነው የሚቆጠረው፣ ግማሽ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የለም፣ 60 ወይ ከዛ በላይ ከመጣ ደግሞ እንደገና ይቆጠራል፣ ያ ቆም ብሎ የሚፈጥነው አተነፋፈስ ቁጥሩን ስለሚያዛባው።