ሲሊኮኑን ተዉት፣ ቀዳዳ ክፈቱለት፦ መብራት ስላላቸው የግቢ ድንጋዮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰኔ ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ደዋዩ ይለያያል፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። «የግቢው ድንጋይ መብራቱ ጠፋ። ሲሊኮኑ በደንብ አልተደረገበትም መሰለኝ። መጥተህ ድፈንልኝ።»

አዲስ አበባ ውስጥ የግቢ መብራት መዘርጋት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ከድንጋይ ጠራቢዎች ጋር ነው የምሠራው። እነሱ ድንጋዩን ይጠርባሉ፣ ሆዱን ይፈለፍላሉ። እኔ መብራቱን አስገባለሁ። የመንገድ ዳር ምሰሶ፣ የድንጋይ ፋኖስ፣ የአበባ መደብ ጠርዝ፣ ብዙ ዓይነት ሠርተናል። በነዚህ ሁሉ ዓመታት «ድፈንልኝ» የሚለውን ያህል ያሰለቸኝ ቃል የለም። ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ አጫጭሮቹን ላንሳ።

«ድንጋይ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።» ደረቁን ማለታችሁ ከሆነ ልክ ነው። ለሳምንታት ዝናብ ሲጠጣ የከረመ ድንጋይ ግን ያስተላልፋል። ሥሩ ያለው እርጥብ አፈርም ያስተላልፋል።

«ብሬከር አለን፣ ችግር የለም።» ይህኛው ሰው ይገድላል። 16 አምፔር የሚል ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሰውን አይጠብቅም። ለሰው የሚደረገው አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ ነው። ወደ መሬት የሚያመልጠው ኃይል 30 ሚሊአምፔር ሳይሞላ ይቆርጣል። 16 አምፔር ማለት የዚያ ከ500 እጥፍ በላይ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ጋ አትክልተኛው አበባ ሲያጠጣ «እጄን ነዘረኝ» እያለ ሁለት ሳምንት ሠርቷል። ብሬከሩ አንድም ቀን አልወረደም። ድንጋዩን ሳነሣው ሽቦው የተቀጠለው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ነው። ፕላስተሩ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። ያ ልጅ የተረፈው ወፍራም የጎማ ቦቲ ስላደረገ ይመስለኛል። የግቢ መብራት ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱም ቢሆን፣ ሄዳችሁ አርሲዲ መኖሩን እዩ። ላዩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው። ስትጫኑት መውረድ አለበት። ካልወረደ አይሠራም ማለት ነው፣ ይቀየር።

«ድንጋዩን በአሲድ ብታጥበው ይነጣል።» እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ በአሲድ ይበላሉ። አረፋ ሲሠራ ቆሻሻው የለቀቀ ይመስላችኋል። የሚሟሟው ግን ድንጋዩ ራሱ ነው። ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ ሳሙና ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ዙሪያውን በሲሊኮን ከደፈንከው ውሃ አይገባም።»

ይገባል። ሁልጊዜ ይገባል። የደፈናችሁት መግቢያውን መስሏችሁ ነው። የተደፈነው ግን መውጫው ነው።

አያት አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ ግቢ ውስጥ ስምንት የአምቦ ድንጋይ ምሰሶዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ሆዳቸው ውስጥ መብራት አለ። ሌላ ባለሙያ ነው የተከላቸው። እኔን የጠሩኝ በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። በየክረምቱ ሲሊኮን እየገዙ በራሳቸው እጅ ይደፍናሉ። በየክረምቱም አምፖል ይቀይራሉ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ክዳን ስከፍተው ውስጡ እንደ እንስራ ሞልቷል። አምፖሉ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሲሊኮኑ ግን ዙሪያውን ምንም አልሆነም፣ አንድ ቦታ እንኳ አልተላጠም። ጋሼ ሁለቱንም አዩና «ታዲያ በየት ገባ?» አሉኝ።

የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ስለሆነ ለእሳቸው የመለስኩትን እዚህም ልጻፈው።

አንደኛ፣ በድንጋዩ በራሱ። የአምቦ ድንጋይ አሸዋማ ድንጋይ ነው። ለዓይን ድፍን ይመስላል እንጂ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ለወራት ሲዘንብበት ይጠጣል፣ የጠጣውን ወደ ውስጥም ያንጠባጥባል።

ሁለተኛ፣ በገመዱ። የገመዱ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ናቸው። በክሮቹ መካከል ክፍተት አለ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው፣ ገመዱም አንዱ ጫፉ ውሃ ካገኘ ውሃውን እየሳበ እስከ አምፖሉ ያደርሰዋል። ላዩን ምንም ያህል ሲሊኮን ብትቀቡት ይህኛው በውስጥ በኩል ነው የሚጓዘው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ድንጋዩ ይተነፍሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ ይበራል። ውስጡ ያለው አየር 15 ዲግሪ ነበር እንበል፣ ወደ 45 ይወጣል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ በዚህ ልክ ሲሞቅ አንድ አሥረኛው ያህሉ ይወጣል። ባዶው ሁለት ሊትር ከሆነ ወደ 200 ሚሊ ሊትር አየር በሆነች ስንጥቅ ይገፋል። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ ወይም ቀዝቃዛ ዝናብ ሲወርድበት አየሩ ይጨማደድና ያንኑ ያህል ከውጭ ይስባል። በዚያ ሰዓት ስንጥቋ ላይ ውሃ ካለ የሚሳበው ውሃው ነው። ደረቅ ቢሆን እንኳ የክረምት አየር እርጥበት አዘል ነው። ገብቶ ሲቀዘቅዝ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ለዚህ የፀጉር ያህል ክፍተት ይበቃል። ያ ክፍተት ደግሞ አይጠፋም። ድንጋይ አቧራ አለው፣ ሲሊኮን አቧራ ላይ አይጣበቅም።

ጋሼ ይህን ሰምተው «እና ምን ይሻላል?» አሉ።

«ከሥር ልብሳው» አልኳቸው።

«እንዴ! ውሃ እንዳይገባ ብዬ ስደፍን የኖርኩትን አንተ ትበሳዋለህ?»

ተከራክረን በመጨረሻ ተስማማን። አራቱን እኔ እንዳልኩት፣ አራቱን እሳቸው እንዳሉት። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ራሳቸው ደወሉ። ከተደፈኑት አራቱ ሦስቱ ጠፍተዋል። የተበሱት አራቱም ይበራሉ። «ናና የቀሩትንም ብሳቸው» አሉኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን አልደብቅም።

ላሊበላ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። አብያተ ክርስቲያናቱን ከወጥ ድንጋይ ፈልፍለው ያወጡት ሰዎች፣ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ ክረምት ምን እንደሚገጥመው ያውቁ ነበር። ስለዚህ የውሃ መውረጃ ቦይ አብረው ፈለፈሉ። ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ከልክለው ለማስቀረት አልሞከሩም፣ መውጫ ሰጡት። ጃፓን ናራ ከተማ ውስጥ ካሱጋ ታይሻ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ወደ 2000 የድንጋይ ፋኖሶች ቆመዋል። ብዙዎቹ ዘመናትን ያስቆጠሩ ናቸው። መብራት የሚቀመጥበት ሆዳቸው በጎን ክፍት ነው።

እህቴ የምትኖረው ዴንቨር ነው። እሷ ጋ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል። የገዛችው የድንጋይ ፋኖስ በሲሊኮን ጥርቅም ተደርጎ የታሸገ ነበር። ክረምታቸው ላይ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆነ። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ድንጋዩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ፎቶውን ላከችልኝና ከማዘኔ ይልቅ መናደዴ በለጠ።

ስለ ሲሊኮኑ ራሱም አንድ ነገር ልበል። ሱቅ ውስጥ ርካሹ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ሽታው የአሲድ ነው። ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳብን ያበላሻል። ሽቦው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምታገኙት አንዳንዴ ከዚሁ የተነሣ ነው። እብነ በረድ፣ የኖራ ድንጋይና ሲሚንቶ ላይ ደግሞ በደንብ አይይዝም። ሲሊኮን የግድ ካስፈለገ የማይሸተውን ግዙ። የምትቀቡትም ከላይ፣ በክዳኑ ዙሪያ ብቻ ይሁን። ከሥር በጭራሽ።

«ዋተርፕሩፍ ነው፣ አይፒ 67 ተጽፎበታል» የሚሉኝም አሉ። ጥሩ ነው፣ እኔም እሱን ነው የምገዛው። ግን ቁጥሩ ምን እንደሚል እወቁ። 6 የአቧራ ነው። 7 ደግሞ መብራቱ አንድ ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። የናንተ ድንጋይ ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃ ቋጥሮ ይቆያል። ደግሞም ቁጥሩ የመብራቱ ብቻ ነው። እናንተ የቀጠላችሁት ሽቦ ምንም ቁጥር የለውም።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ድንጋዩ የሚቆምበትን ቦታ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እቆፍራለሁ። ጠጠር እሞላለሁ። የድንጋዩ ሆድ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እበሳለሁ። ጉንዳንና ሸረሪት እንዳይገባ ቀጭን ወንፊት አለብሰዋለሁ። ገመዱ ከታች ወደ ላይ እንዲገባ አደርጋለሁ፣ ከመግባቱ በፊትም ትንሽ ዘንበል ብሎ እንዲንጠለጠል። ውሃው እዚያ ታች ላይ ይንጠባጠባል። ቅጥያውን ውሃ የሚከለክል ጄል ባለበት ሳጥን ውስጥ እዘጋለሁ፣ ሳጥኑንም ከድንጋዩ ወለል ከፍ አድርጌ እሰቅላለሁ።

አፈራችሁ ኮትቻ ከሆነ ግን ይህም አይበቃም። ቦሌና አቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ውሃ አያሳልፍም። ጠጠር የሞላችሁት ጉድጓድ ገንዳ ይሆናል። ከጠጠሩ ሥር ቱቦ ቀብራችሁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውጣት ነው። ብዙ ቆፋሪዎች «ጠጠር ይበቃል» ይላሉ። እዚያ አፈር ላይ አይበቃም።

ወደ ሌሎቹ ልመለስ።

«ኤልኢዲ አይሞቅም።» ፊቱ አይሞቅም፣ ጀርባው ይሞቃል። ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ በላዩ ሙቀት ነው የሚሆነው። ሙቀቱን የሚያወጣለት ከኋላው ያለው አሉሚኒየም ነው። ያንን ድንጋይ ውስጥ በሲሚንቶ ስትቀብሩት ይታፈናል። ድንጋይ ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ የሚሞተው ደግሞ ኃይል የሚሰጠው ትንሹ ሳጥን ነው፣ ሰው ግን «አምፖሉ ተቃጠለ» ብሎ አምፖል ይገዛል። ከጀርባው የሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት።

«12 ቮልት ስለሆነ ማንኛውም ሽቦ ይሆናል።» በተቃራኒው ነው። 60 ዋት በ220 ቮልት ሲሄድ ሩብ አምፔር ትንሽ ያልፋል። በ12 ቮልት 5 አምፔር ነው። 1.5 የሚባለውን ሽቦ 20 ሜትር ብትዘረጉ በመንገድ ላይ 2.4 ቮልት ያህል ይጠፋል። መጨረሻ ላይ ያሉት ድንጋዮች የሚደበዝዙት ለዚህ ነው። 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ተጠቀሙ፣ ወይም ትራንስፎርመሩን፣ 220ውን ወደ 12 የሚቀንሰውን ማለቴ ነው፣ መሃል ላይ አድርጉ። ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባው ግን 220 ቮልት መሆኑንም አትርሱ። እሱ ድንጋይ ውስጥ አይቀበርም።

«ሶላሩ ተበላሸ።» ብዙ ጊዜ የሚደክመው ባትሪው ነው። የሪሞት ባትሪ የሚያህል፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ውስጡ አለ። እሱን ቀይሩት። ተራ ባትሪ ግን እንዳታስገቡበት፣ ቻርጅ ሲደረግ ያፈሳል። ድንጋዩ ዛፍ ሥር ከሆነ ደግሞ ባትሪ ብትቀይሩም አይረዳም። ፓነሉ ለብቻው ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይተከል።

«ነጭና ደማቅ ሲሆን ያምራል።» የአምቦን ቀይ ድንጋይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ነጭ መብራት አብሩበት፣ አመድ ይመስላል። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈላችሁበት ቀለም ይጠፋል። ከ2700 እስከ 3000 ያለውን ቢጫ ብርሃን ውሰዱ። ነፍሳትም ነጩን ያህል አይሰበሰቡበትም።

«አንዴ ከተተከለ አይነካም።» በዓመት አንድ ቀን መነካት አለበት። ቀኑም ግንቦት ላይ ነው፣ ዝናቡ ሳይጠነክር። ከዋናው ማብሪያ ኃይሉን አጥፉ። ክዳኑን ክፈቱ። መብራቱን ከነሳጥኑ አውጥታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ ድንጋዩ ሆድ ውስጥ አፍስሱና እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ባዶ ከሆነ አድርቁትና መልሳችሁ ግጠሙ። ውሃው እንደቆመ ከሆነ ወንፊቱ ተደፍኗል፣ ወይም ከሥር ያለው ጠጠር በጭቃ ሞልቷል። ድንጋዩን አንሡና አጽዱለት።