ተለዋዋጩ የማን ነው? ስለ ስኮፕና ስለ ኦብጀክት ንብረቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚማሩ ወጣቶች የክላስን (የንድፉን) እና የኦብጀክትን (በንድፉ መሠረት የሚፈጠረውን የእያንዳንዱን ነገር) ጉዳይ ሳስረዳ፣ ከፒያሳ ወደ ማራኪና ወደ አዘዞ የሚመላለሱትን ባጃጆች ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ተለዋዋጭ ዋጋ የሚይዝ ስም ነው፣ ስኮፕ ደግሞ ያ ስም የሚታይበት የኮድ ክልል ነው።

«በክላሱ ውስጥ የተጻፈ ሁሉ የእያንዳንዱ ኦብጀክት የግል ንብረት ነው።»

ተማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክማቸው ይህ ነው። ‹ባጃጅ› የተባለ ክላስ ጽፈን ከሜተዶቹ (በክላሱ ውስጥ ከሚጻፉት ፋንክሽኖች፣ ማለትም ስም ከተሰጣቸው የትእዛዝ ስብስቦች) ውጭ ‹ተሳፋሪዎች› የሚል ባዶ ሊስት (ዝርዝር) ብናኖር፣ ያ ሊስት አንድ ብቻ ሆኖ በክላሱ ዘንድ ይቀመጣል እንጂ በየባጃጁ አይባዛም። ስለዚህ ወደ አዘዞ በሚሄደው ባጃጅ ሊስት ላይ አንድ ሰው ስንጨምር፣ ማራኪ ላይ ባዶውን የቆመውም ያንኑ ሰው እንደ ጫነ ይቆጠራል። መፍትሔው ሊስቱን ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚሠራው በ‹ኢኒት› ሜተድ ውስጥ፣ ከ‹ሰልፍ› ጋር በነጥብ አያይዞ መፍጠር ነው (‹ሰልፍ› እዚህ ወረፋ ማለት አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ራስ ማለት ነው)።

«ችግሩ የሊስት እንጂ የቁጥር አይደለም።»

በክላሱ ላይ ‹ታሪፍ› 10 ብር ተብሎ ተጽፎ ለአንዱ ባጃጅ 15 ብንመድብ፣ ፓይተን ለዚያ ባጃጅ ብቻ አዲስ ንብረት ይፈጥራል፤ የሌሎቹ ታሪፍ 10 እንደ ሆነ ይቀጥላል። ልዩነቱን ያመጣው ግን የዋጋው ዓይነት ሳይሆን የሠራነው ሥራ ነው፤ በሊስቱ ላይ ጨመርንበት፣ ታሪፉን ግን እንደ አዲስ መደብነው። ለአንዱ ባጃጅ አዲስ ሊስት ብንመድብለት ኖሮ እርሱም የግሉ በሆነ ነበር።

«በሜተድ ውስጥ የንብረቱን ስም ብቻ መጥራት ይበቃል።»

ጃቫ በተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ተመሳሳይ ስም ያለው የሜተዱ ተለዋዋጭ እስካልሸፈነው ድረስ፣ ይበቃል። በፓይተን ሜተድ ውስጥ ግን ‹ሰልፍ›ን ትተን ‹ታሪፍ› ላይ 20 ብንመድብ የሚፈጠረው ሜተዱ ሲያበቃ አብሮ የሚጠፋ ተለዋዋጭ ነው፤ የስሕተት መልእክት ስለማይወጣም ተማሪው የባጃጁ ታሪፍ የተለወጠ ይመስለዋል።

«በ‹ኢፍ› (ቅድመ ሁኔታ) ወይም በ‹ፎር› (ድግግሞሽ) ውስጥ የተፈጠረ ተለዋዋጭ ከዚያ ውጭ አይታይም።»

ይህ ለጃቫ እውነት ነው፤ በፓይተን ግን እስከ ፋንክሽኑ መጨረሻ ይታያል።

«‹ሰልፍ› የፓይተን ቁልፍ ቃል (ቋንቋው ለራሱ የያዘው፣ ለሌላ ስም የማይውል ቃል) ነው።»

አይደለም፤ ኦብጀክቱን የሚቀበለው የሜተዱ የመጀመሪያ ፓራሜትር (መቀበያ) የተለመደ ስም ብቻ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞችን ስለሚቀበል፣ ለጎንደር ሰው ማዕረግ ቢመስልም ‹ራስ› ብለን ልንጽፈው እንችላለን። እኔ ግን ኮዱን ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚያነቡት ከሆነ የተለመደውን ስም አልለውጥም።