የስህተት ምላሽ በጃንጎ፦ ከ404 እስከ 500

አንድ ዌብሳይት ለመጣለት ጥያቄ ሁሉ መልስ አለበት። ገጹ ባይኖርም ይመልሳል። ጠያቂው ፈቃድ ባይኖረውም ይመልሳል። ኮዱ መሃል ላይ ቢሰበርም የሆነ ነገር መላክ አለበት። ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር የሚላከው ይህ መልስ የኤችቲቲፒ ስህተት ምላሽ ይባላል፤ ኤችቲቲፒ ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ጃንጎ የተባለው የዌብ ፍሬምወርክ (ዌብሳይት የሚሠራበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ለዚህ ሥራ በደንብ የታሰበበት አሠራር አለው።

ጃንጎ የተወለደው ጋዜጣ ቤት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ ጋዜጣ የዌብ ክፍል ይሠሩ የነበሩት ኤድሪያን ሆሎቫቲ እና ሳይመን ዊሊሰን ጀመሩት። በጁላይ 2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሙ የጊታር ተጫዋቹ የጃንጎ ራይንሃርት ነው። የዜና ድረ ገጽ በየቀኑ አዲስ ሊንክ ያወጣል፤ የድሮዎቹንም ሰው ይፈልጋቸዋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ «አልተገኘም» የሚለው መልስ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ

ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል የሠራው የመጀመሪያው ኤችቲቲፒ፣ 0.9 የሚባለው፣ የሁኔታ ቁጥር አልነበረውም። ስህተት ሲፈጠር ሰርቨሩ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ይልካል፣ በቃ። ብራውዘሩ ትክክለኛ ገጽ ይሁን የስህተት ገጽ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። በሜይ 1996 የወጣው የ1.0 ሰነድ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮቹን ይዞ መጣ። ዛሬ የሚሠራበት የደንብ ሰነድ አርኤፍሲ 9110 የሚባለው ሲሆን የወጣው በጁን 2022 ነው።

ከሦስቱ አሃዞች ዋናው የመጀመሪያው ነው። በ4 የሚጀምር ቁጥር ችግሩ በጠያቂው በኩል ነው ይላል። በ5 የሚጀምር ደግሞ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው። ይህን መሳት ጉዳት አለው። በዳታቤዝ ብልሽት ምክንያት 404 («አልተገኘም») የሚመልስ ሳይት ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ ያላክካል። ከዚያ የባሰው ደግሞ «ይቅርታ፣ ችግር ተፈጥሯል» የሚል ገጽ ከ200 ቁጥር ጋር መላክ ነው። ሰው ሲያየው ስህተት ነው። ለማሽን ግን «ሁሉ ሰላም» ነው። የፍለጋ ሞተር ያንን ገጽ እንደ እውነተኛ ገጽ ሊመዘግበው ይችላል፤ ሳይቱን የሚከታተለው ሶፍትዌርም ምንም አይጮህም።

እንግዲህ አንድ የስህተት ምላሽ ሰሚው ብዙ ነው። ተጠቃሚው ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ማወቅ ይፈልጋል። ማሽኑ ትክክለኛ ቁጥር ይፈልጋል። ገንቢው ደግሞ የትኛው መስመር ላይ እንደተሰበረ ዝርዝሩን ይፈልጋል። ጥሩ አያያዝ ማለት ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት፣ የማይገባውን ደግሞ መከልከል ነው። የጃንጎ አሠራር ሲታይ አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ሬይዝ ወይስ ሪተርን

በጃንጎ ጥያቄውን ተቀብሎ ምላሽ የሚያዘጋጀው የኮድ ክፍል ቪው ይባላል። ቪው ውስጥ ነገር ሲበላሽ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የስህተት ምላሹን እዚያው ሠርቶ ሪተርን ማድረግ፣ ማለትም መመለስ ነው። ሁለተኛው ኤክሴፕሽን (ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት) ሬይዝ አድርጎ፣ ማለትም አስነስቶ፣ ቀሪውን ለፍሬምወርኩ መተው ነው።

ጃንጎ የሚያውቃቸው ኤክሴፕሽኖች ጥቂት ናቸው። ኤችቲቲፒ404 ወደ 404 ይቀየራል። ፐርሚሽን ዲናይድ ወደ 403 («ተከልክሏል»)፣ ሰስፒሸስ ኦፐሬሽን (አጠራጣሪ ጥያቄ) ደግሞ ወደ 400 («የተበላሸ ጥያቄ») ይቀየራሉ። ከ3.2 ስሪት ጀምሮ ባድ ሪኩዌስት የሚባል ተጨምሯል፤ እሱም 400 ይሆናል። ከእነዚህ ውጭ ሳይያዝ ያመለጠ ኤክሴፕሽን በአጠቃላይ 500 («የሰርቨሩ ብልሽት») ነው። ይህ ቅየራ የሚደረገው በእያንዳንዱ የሚድልዌር ደረጃ ላይ ነው፤ ሚድልዌር ማለት ጥያቄው ወደ ቪው ሲሄድ፣ ምላሹም ሲመለስ የሚያልፍበት የኮድ ንብርብር ነው። ስለዚህ አንዱ ሚድልዌር ቢሰበር እንኳ ከእሱ በላይ ያለው የሚያገኘው ኤክሴፕሽን ሳይሆን ሙሉ ምላሽ ነው።

ጀማሪ ገንቢ ሁለቱ መንገዶች አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። ኤችቲቲፒ404ን ሬይዝ ሲያደርግ ለሳይቱ የተዘጋጀው የ404 ገጽ ይወጣል። ኤችቲቲፒ ሪስፖንስ ኖት ፋውንድ የሚባለውን ሪተርን ካደረገ ግን ቁጥሩ 404 ሆኖ ይሄዳል እንጂ የተዘጋጀው ገጽ አይመጣም። ተጠቃሚው የሚያየው ቪው ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ካልተጻፈ ባዶ ነው።

ከዚህ የከበደ ልዩነትም አለ። አቶሚክ ሪኩዌስትስ የሚባለው የዳታቤዝ ሴቲንግ ሲበራ እያንዳንዱ ቪው በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉ የሚጸናበት ወይ ሁሉ የሚሰረዝበት የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ይሠራል። ከቪው ኤክሴፕሽን ከወጣ ዳታቤዙ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይሰረዛል። ቪው የስህተት ምላሽ ሪተርን ካደረገ ግን ለጃንጎ ይህ በሰላም ያለቀ ሥራ ነው፣ የተጻፈውም ይጸናል። ክፍያን የሚመዘግብ ሳይት አስቡ። ሒሳቡ ተቀንሷል፣ ትዕዛዙ አልተመዘገበም፣ ቪው ደግሞ 400 ሪተርን አድርጓል። ግማሹ ሥራ ዳታቤዙ ላይ ይቀራል። በእኔ እምነት ሬይዝ ማድረግ የተለመደው መንገድ፣ ሪተርን ደግሞ ምክንያት ሲኖር ብቻ የሚመረጥ መሆን አለበት።

ጌት ኦብጀክት ኦር 404 የሚባለው አቋራጭ ይህን ልማድ ቀላል ያደርገዋል። የተፈለገውን መዝገብ ከዳታቤዝ ያመጣል፤ ከሌለ ኤችቲቲፒ404ን ራሱ ሬይዝ ያደርጋል። የፍለጋውን ክልል ማጥበብም ይቻላል። የገባው ተጠቃሚ ትዕዛዞች ውስጥ ብቻ ፈልግ ከተባለ፣ የሌላ ሰው የትዕዛዝ ቁጥር ያስገባ ሰው 403 ሳይሆን 404 ያገኛል። ይህ የተሻለ ነው። 403 «አለ፣ ላንተ ግን አይደለም» ማለት ስለሆነ የመዝገቡን መኖር ያሳብቃል። አርኤፍሲ 9110ም መኖሩን መደበቅ የሚፈልግ ሰርቨር 404 መመለስ እንደሚችል ይፈቅዳል።

ዲበግ ሲበራና ሲጠፋ

ዲበግ የሚባለው ሴቲንግ ሲበራ ጃንጎ ስህተቱን ሙሉ በሙሉ ይዘረግፋል። ራስጌው ቢጫ የሆነውን ገጽ ያላየ የጃንጎ ገንቢ የለም። ኮዱ የተሰበረበት መስመር፣ በየደረጃው የነበሩት ተለዋዋጮች ከነዋጋቸው፣ የሪኩዌስቱ ዝርዝርና ሴቲንጎቹ ይታያሉ። የ404 ገጽም የሳይቱን የዩአርኤል (የሊንክ አድራሻ) አደረጃጀት ይዘረዝራል። ለገንቢ ይህ በረከት ነው። ለሰርጎ ገብ ደግሞ የቤቱ ካርታ ነው።

ጃንጎ በስማቸው ውስጥ ፓስ፣ ሲክሬት፣ ኬይ ወይም ቶክን ያለባቸውን ሴቲንጎች በኮከብ ምልክት ይሸፍናል። ይህ ግን ሙሉ መከላከያ አይደለም። ሌላ ስም የተሰጠው ሚስጥር አይሸፈንም። ስለዚህ ፕሮዳክሽን ላይ፣ ማለትም ሕዝብ በሚጠቀምበት ሳይት ላይ፣ ዲበግ መጥፋት አለበት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ዲበግ በርቶ ሲቆይ የተሠሩ የዳታቤዝ ጥያቄዎችም ሜሞሪ ውስጥ ስለሚያዙ ሌላም ጣጣ አለው።

ዲበግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው 400 ነው። ሳይቱ በየትኛው ስም መጠራት እንደሚችል አላውድ ሆስትስ በሚባለው ሴቲንግ መጻፍ አለበት። እዚያ ያልተጻፈ ዶሜይን ይዞ የመጣ ጥያቄ እንደ አጠራጣሪ ይቆጠራል።

ገጾቹን ማዘጋጀት

ቀላሉ መንገድ አራት ቴምፕሌቶችን (የገጽ ንድፍ ፋይሎችን) ዋናው የቴምፕሌት ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ስማቸው 400፣ 403፣ 404 እና 500 ሆኖ መጨረሻቸው ዶት ኤችቲኤምኤል ነው። ጃንጎ ራሱ ያገኛቸዋል። ከዚህ በላይ የፈለገ በዋናው የዩአርኤል ፋይል ላይ ሃንድለር404 እና ሃንድለር500 የመሳሰሉትን ወደ ራሱ ቪው ማዞር ይችላል።

የ500 ገጽ ለየት ይላል። ጃንጎ ለዚህ ቴምፕሌት ባዶ ኮንቴክስት ነው የሚሰጠው፤ ኮንቴክስት ገጹ የሚሞላበት መረጃ ነው። የተጠቃሚ ስም የለም፣ ሪኩዌስት የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ነገር ሲበላሽ የስህተት ገጹም እንዳይበላሽ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የ500 ገጹን ከሳይቱ ዋና ቴምፕሌት ያስወርሰዋል። ያኔ ሎግኢን ያደረገ ሰው ድንገት «ግባ» የሚል በተን ያያል። ዋናው ቴምፕሌት ሜኑውን ከዳታቤዝ የሚያመጣ ከሆነና የወደቀው ዳታቤዙ ከሆነ ደግሞ የስህተት ገጹም አብሮ ይወድቃል። የስታቲክ ፋይሎችን (የስታይልና የምስል ፋይሎችን) ስም ከማኒፌስት፣ ማለትም ከተዘጋጀ የስም ዝርዝር፣ የሚያነብ ሳይትም አንድ ፋይል ማኒፌስቱ ውስጥ ከጠፋ እዚያው ይሰበራል። የ500 ገጽ በራሱ የቆመ ተራ ኤችቲኤምኤል ቢሆን ይሻላል፤ ስታይሉም እዚያው ውስጥ ይጻፍ።

የፎርም ጥበቃው፣ ሲኤስአርኤፍ የሚባለው፣ ሲከሽፍ የሚመጣው 403 የራሱ ቴምፕሌት አለው። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ንጹሕ ተጠቃሚን ነው የሚያጠቃው። ፎርም በአንድ ታብ ከፍቶ በሌላ ታብ ሎግኢን ካደረገ ቶክኑ (ከፎርሙ ጋር የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ) ይቀየራል፤ የድሮውን ፎርም ሲልክ ይከለከላል። ገጹ ክልከላውን ብቻ ነግሮ ከሚተወው «ወደ ኋላ ተመለስና ገጹን አድስ» ብሎ ቢመራው ደግ ነው።

ከጃንጎ ጋር የሚመጣው ሪዳይሬክትስ የሚባለው አፕ በ404 ላይ ተደግፎ ይሠራል። ምላሹ 404 ሲሆን አድራሻውን ከዝርዝሩ ይፈልጋል። አዲስ አድራሻ ካገኘ ወደዚያ ይልካል። የአዲሱ አድራሻ ቦታ ባዶ ከሆነ 410 ይመልሳል፤ ማለትም ገጹ ነበረ፣ አሁን ሆን ተብሎ ተነስቷል።

የአማርኛ ሊንክና 404

ለአማርኛ ሳይት ገንቢዎች የተለየ ወጥመድ አለ። በጃንጎ የዩአርኤል አጻጻፍ ስለግ (በሊንኩ ውስጥ ጽሑፉን የሚለየው ስም) የሚባለው ዓይነት የሚቀበለው የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችን፣ ሰረዝና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። «አዲስ-አበባ» የሚል ሊንክ በዚያ በር አያልፍም። መዝገቡ ዳታቤዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተጠቃሚው 404 ያያል።

ስለጊፋይ የሚባለው አርእስትን ወደ ሊንክ የሚቀይር ፈንክሽንም ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት የያዘው የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት) ፍቀድ ካልተባለ የግእዝ ፊደልን በሙሉ ያራግፋል። ውጤቱ ባዶ ጽሑፍ ነው። ባዶ ስለግ ያለው ጽሑፍ ዝርዝር ገጽ ላይ ሊንኩ ሊሠራለት ሲል ኖ ሪቨርስ ማች የሚባል ኤክሴፕሽን ይነሳል። ዝርዝሩ በሙሉ 500 ይሆናል፤ አንድ የአማርኛ አርእስት የዜናውን ገጽ ሁሉ ይዞ ይወድቃል ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ስለጊፋይም ሆነ የሞዴሉ ስለግ ፊልድ ዩኒኮድ እንዲፈቅዱ ማድረግ፣ ዩአርኤሉ ላይ ደግሞ በስለግ ፋንታ ስትሪንግ የሚቀበለውን ዓይነት መጠቀም።

ሞባይል አፕ ሲጠይቅ

ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከሳይቱ ጋር የሚነጋገሩበት በር) ለሚሠሩ ሰዎች ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ የሚባለው የጃንጎ ተጨማሪ የራሱ የስህተት አያያዝ አለው። ምላሹ ጄሰን፣ ማለትም ፕሮግራም በቀላሉ የሚያነበው የመረጃ አጻጻፍ ነው። የፎርም ስህተት ሲሆን 400 ይመልስና የትኛው ፊልድ ምን እንደጎደለው ይዘረዝራል። ጥያቄ ያበዛ ደንበኛ 429 ይመለስለታል፤ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅም በሄደሩ (ከምላሹ ጋር በሚላከው ተጨማሪ መረጃ) ይነገረዋል።

401 እና 403 እዚህ ሰውን ያደናግራሉ። ማንነቱ ያልታወቀ ጠያቂ 401 («መጀመሪያ ግባ») ይጠበቅለታል። 401 ግን እንዴት መግባት እንደሚቻል ከሚናገር ሄደር ጋር መሄድ አለበት። ፍሬምወርኩ ይህን የሚወስነው በዝርዝሩ የመጀመሪያ የሆነውን የማንነት ማረጋገጫ አይቶ ነው። የመጀመሪያው በሴሽን (ብራውዘር ላይ ሎግኢን ሲደረግ በሚያዝ መለያ) የሚሠራው ከሆነ ያ ሄደር ስለሌለው መልሱ 403 ይሆናል።

ሳይያዝ ያመለጠ ኤክሴፕሽን ሲመጣ ሬስት ፍሬምወርክ ለጃንጎ ያሳልፈዋል። ጃንጎ ደግሞ የ500ውን ኤችቲኤምኤል ይልካል። ጄሰን የሚጠብቀው ሞባይል አፕ ያንን ሲያነብ ክራሽ ሊያደርግ ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀ የጄሰን ቪው ስላለ ሃንድለር500ን ወደ እሱ ማዞር በቂ ነው።

ለገንቢው የሚደርሰው

በነባሪው አሠራር በ5 የሚጀምሩ ምላሾች ሎግ (የክስተት መዝገብ) ላይ ኤረር ተብለው፣ በ4 የሚጀምሩት ዋርኒንግ ተብለው ይመዘገባሉ። ዲበግ ጠፍቶ 500 ሲፈጠር አድሚንስ የሚባለው ሴቲንግ ውስጥ ለተጻፉት ሰዎች ኢሜይል ይላካል። በዚህ ኢሜይል የተጠቃሚ ፓስዎርድ እንዳይሄድ ሴንሲቲቭ ፖስት ፓራሜትርስ የሚባለውን ምልክት ከቪው በላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ሳይቱ ሰው ሲበዛበት አንድ ብልሽት በሺህ የሚቆጠር ኢሜይል ሊያመጣ ስለሚችል ብዙዎች ተመሳሳይ ስህተቶችን የሚሰበስብ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ከእነዚህ የታወቀው ሴንትሪ ራሱ በ2008 የጃንጎ ተጨማሪ ሆኖ ነው የተጀመረው።

ጃንጎ ጭራሽ የማያያቸው ስህተቶችም አሉ። ከጃንጎ ፊት ቆሞ ጥያቄዎችን የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ የተባለው የዌብ ሰርቨር፣ ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር፣ ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ሲመጣ 413 («በጣም ትልቅ ነው») ብሎ ይመልሳል። ጃንጎን የሚያስኬደው ጉኒኮርን የተባለው ሰርቨር በነባሪው 30 ሰከንድ ያለፈውን ሥራ ይገድላል፤ ያኔ ተጠቃሚው 502 («ከኋላ ካለው ሰርቨር ትክክለኛ መልስ አልመጣም») ያያል። እነዚህን በጃንጎ ሎግ ውስጥ መፈለግ ልፋት ነው፤ የሚገኙት በኤንጂንኤክስና በጉኒኮርን ሎግ ውስጥ ነው። የስህተት ገጻቸውም እዚያው በኤንጂንኤክስ ኮንፊግ ላይ ይዘጋጃል።

የስህተት ገጾችን በቴስት ማረጋገጥ ይቻላል። የጃንጎ ቴስት ክላየንት (በብራውዘር ፋንታ ጥያቄ የሚልክ የመሞከሪያ መሣሪያ) እንደ ነባሪ ያልተያዘ ኤክሴፕሽንን መልሶ ለቴስቱ ይወረውራል እንጂ የ500 ገጹን አያሳይም። ሬይዝ ሪኩዌስት ኤክሴፕሽን የሚለውን ምርጫ ሐሰት ሲያደርጉት ግን ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ ከነቁጥሩ ያመጣል።