ፈረስ፣ ዓሣና የውኃ ስፖርት በቴሌቪዥን እንዴት ይቀረጻሉ?

የፈረስ ውድድር፣ የዓሣ ዘጋቢ ፊልምና የሸራ ጀልባ ውድድር ሠሪዎቻቸው የተለያዩ ናቸው። ችግራቸው ግን አንድ ነው። ባለታሪኩ ቁም ቢሉት አይቆምም፣ ድገመው ቢሉት አይደግምም። ከኋላው መሮጥ የካሜራው ዕዳ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረስ ለካሜራ አዲስ አይደለም። ቴሌቪዥን ሳይኖር፣ በ1878፣ ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎች ደርድሮ እየጋለበች ያለች ፈረስ ፎቶ አነሳ። አራቱም እግሮቿ ባንዴ ከመሬት እንደሚነሱ በምስል የተረጋገጠው ያኔ ነው። በ1931 ደግሞ የቴሌቪዥን ፈር ቀዳጁ ጆን ሎጊ ቤርድ ኤፕሰም ደርቢ የሚባለውን የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር በሙከራ ቴሌቪዥን አሰራጨ። ምስሉ 30 መስመር ብቻ ስለነበረው ብዥ ያለ ነበር። ዛሬ ካሜራው ማማ ላይ ይሰቀላል፤ በመኪና ተጭኖም ከፈረሶቹ ጎን እኩል ይከንፋል። ውድድሩን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ የጋላቢዎቹን የልብስ ቀለም ቀድሞ ይሸመድዳል፤ በዚያ ፍጥነት ፈረስን በመልኩ መለየት ዘበት ነው። እኛም አገር በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ለካሜራ ሲሳይ ነው። ለእንዲህ ያለ ሜዳ ድሮን ግሩም ነው፤ ዝቅ ካለ ግን ፈረስ ሊያስደነብር ይችላል።

ከሁሉም አድካሚው ዓሣ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን በ1943 የሠሩት የመተንፈሻ መሣሪያ ጠላቂውን ከገመድና ከቱቦ ነፃ አወጣው። ኩስቶም በኋላ ካሊፕሶ በተባለች መርከቡ እየዞረ ባሕሩን ሰው ሳሎን ድረስ አመጣ። ችግሩ ውኃ ብርሃን ይበላል። ጥቂት ሜትር ሲወርዱ ቀይ ቀለም ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ መብራት ይዞ መጥለቅ ግድ ነው። ሌላው ጣጣ አረፋ ነው። ተራው መሣሪያ በየትንፋሹ ይንቦጫረቃል፣ ዓሣውም ይሸሻል። ሪብሪዘር የሚባለው ግን የወጣውን አየር አጣርቶ መልሶ ያስተነፍሳል። ጠላቂው ድምፁን አጥፍቶ ለረጅም ሰዓት ይጠብቃል።

መጠበቅ ስል ቀልድ አይደለም። ቢቢሲ በ2017 ያቀረበው ብሉ ፕላኔት 2 ሰባት ክፍል ብቻ ነው፤ ግን አራት ዓመትና 125 ጉዞ ፈጅቷል። ሲሸልስ ውስጥ ከውኃ ዘሎ ወፍ የሚበላ ዓሣ አለ የሚል የአጥማጆች ወሬ ነበር፤ ፎቶ እንኳ አልነበረም። ቡድኑ ወሬውን አምኖ ሄደ፣ ዓሣው ወፍ ከአየር ላይ ሲለቅም ቀርጾ ተመለሰ። በነገራችን ላይ፣ በእንዲህ ያሉ ፊልሞች ዓሣ ሲዋኝ የምንሰማው ድምፅ በአብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። በሙያው የተለመደ ነው፤ ለተመልካቹ ቢነገረው ግን ደስ ይለኛል።

የውኃ ስፖርት በቴክኒክ ነው የዳነው። ቀራጩ ሲራመድ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን የካሜራ መያዣ፣ ስቴዲካምን፣ የፈጠረው ጋሬት ብራውን ከዋናተኞቹ ሥር፣ በገንዳው ወለል ላይ በሐዲድ የሚሮጥ ካሜራ ሠራ። በ1992 የባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ታየ። የሸራ ጀልባ ውድድር ደግሞ ለማያውቀው ሰው አሰልቺ ነበር። ጀልባዎቹ እንደ ነፋሱ በየአቅጣጫው ስለሚዞሩ የትኛው እየመራ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ይህን የፈታው ስታን ሃኒ ነው፤ በአሜሪካ ፉትቦል ስርጭት ላይ በኮምፒውተር ሜዳው ላይ የሚሳለው ቢጫ መስመርም የእሱ ቡድን ሥራ ነው። ጀልባዎቹና ቀራጩ ሄሊኮፕተር ላይ ረቂቅ ጂፒኤስ ተገጠመ፣ ኮምፒውተሩ ባሕሩ ላይ መስመር እየሳለ ርቀቱን በሜትር አሳየ። በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ አሜሪካስ ካፕ በተባለው የሸራ ጀልባ ውድድር፣ የአሜሪካው ቡድን ኦራክል 8 ለ 1 ተመርቶ ኒውዚላንድን 9 ለ 8 ሲያሸንፍ፣ ሸራ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ቤቱ ቁጭ ብሎ መከታተል ችሏል።