ከአጥር ሥር የተነቀለ አዛሊያን ቦንሳይ ማድረግ

አዛሊያ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በየቤቱ ደጃፍ የሚተከል የአበባ ቁጥቋጦ ነው። ኤፕሪል ላይ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ያለፈ ሰው ሮዝ፣ ቀይና ነጭ አበባውን ግራና ቀኝ ያያል። የብዙ ሐበሻ ግቢም አለው። ቤት ሲታደስ ግን ተነቅሎ ይጣላል። የቦንሳይ ሰዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግንዱ ነው። ቦንሳይ በጠፍጣፋ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አጥሮ፣ ያረጀ ትልቅ ዛፍ መስሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። አዛሊያ ደግሞ በዕቃ ውስጥ ሲያድግ ግንዱ ቶሎ አይወፍርም። ደጃፍ ላይ ለአሥርት ዓመታት የቆየው ግን ክንድ የሚያህል ግንድ ይዞ ይጠብቃል። ቅርንጫፉና ቅጠሉ እንደ አዲስ ይበቅላል። ዕድሜን ግን በሌላ መንገድ ማምጣት ከባድ ነው።

ዝርያውም ይለያያል። ከጃፓኗ ኩሩሜ የመጡት ቅጠላቸውም አበባቸውም ትንሽ ስለሆነ ለቦንሳይ ይመቻሉ። እነዚህን በ1919 ወደ አሜሪካ ካስገቡት መካከል የዕፅዋት አሳሹ ኧርነስት ዊልሰን ይገኝበታል። ቤንጃሚን ሞሪሰን በሜሪላንድ ግሌን ዴል ያዳቀላቸው ከ400 በላይ ዓይነቶች በብዛት አበባቸው ትልልቅ ነው። ትልቅ አበባ ትንሽ ዛፍ ላይ ሚዛን ያሳጣል። ስለዚህ ግንዱ ወፍራም ከሆነ ብቻ ነው የሚያዋጡት።

የሚነቀለው ብርዱ ሲሰበር፣ ቡቃያው ከማበጡ በፊት ነው። መጀመሪያ ባለቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው። ከዚያ ቁጥቋጦው እስከ ጉቶው ድረስ ይቆረጣል። ሲያዩት የሚያሳዝን ነው፣ ቅጠል የሚባል ላይተርፍ ይችላል። ግን አዛሊያ ከአሮጌ ግንዱ ላይ ሳይቀር ያቆጠቁጣል፤ ብዙ ዛፍ ይህን አይችልም። ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነና ከመሬቱ ገጽ ብዙ የማይርቅ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ሰፋ አድርጎ መቆፈር ያዋጣል። የግቢው ጭቃ በውሃ ቀስ እየተባለ ይታጠባል። ጉቶው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ይተከልና እንዳይነቃነቅ በሽቦ ይታሰራል። ከተነቃነቀ አዲሱ ሥር ይበጠሳል።

አፈሩ አሲዳማ መሆን አለበት። ጃፓኖች የሚመርጡት በቶቺጊ ግዛት ከካኑማ ከተማ አካባቢ የሚወጣውን ካኑማ ነው። ከአካጊ እሳተ ገሞራ የተረፈ፣ ቀላልና ቢጫ የድንጋይ ጠጠር ነው። ውሃ ይይዛል፣ አየርም ያስተላልፋል። የቧንቧ ውሃ ኖራ ከበዛበት ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ነው። ማድረቅ ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፤ ያ ቀጭን ሥር አንዴ ከደረቀ አይመለስም።

ከሳምንታት በኋላ ጉቶው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል። ደስ የሚለው ጊዜ ይህ ነው፤ ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ሳይቆረጥ እንዳሻው ይብቀል። ቅጠል በበዛ ቁጥር ሥሩ ይበረታል። በሁለተኛው ዓመት ከየቦታው ሁለት ሁለት ቀንበጥ ብቻ እየተተወ ሌላው ይነሳል። ቅርጽ ለማስያዝ ሽቦ የሚጠመጠመው ቀንበጡ ገና ለጋ ሳለ ነው፤ ያረጀ የአዛሊያ እንጨት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ትልቅ ቁስል ካለ በማሸጊያ ቅባት ይሸፈን። አዛሊያ ቁስሉን የሚደፍነው ቀስ ብሎ ነው፣ ክፍት ከተተወ ውስጡ ይበሰብሳል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። አብዛኛው ዛፍ ጉልበቱን ወደ ጫፉ ይልካል። አዛሊያ ተቃራኒው ነው፣ የሚያይለው ከታች ነው። እንደ ሌላው ዛፍ ጫፉን አብዝተው ከቆረጡት የታችኛው ይፋፋል፣ አናቱ ይደክማል፣ አንዳንዴም ይሞታል። ስለዚህ ከታች ጠንከር፣ ከላይ ለዘብ አድርጎ መግረዝ ነው።

በእነዚህ ዓመታት የአበባ እንቡጡን ማንሳት ይሻላል፣ ጉልበት ይበላልና። ዛፉ ቅርጽ ይዞ የሸክላ ዕቃው ውስጥ ሲገባ እንዲያብብ ይፈቀድለታል። አበባው እንደረገፈ የዘር ቋጠሮው አብሮ ይለቀምና ወዲያው ይገረዛል። የሚቀጥለው ዓመት እንቡጥ በጋው ላይ ስለሚያዝ፣ የዘገየ ግረዛ አበባውን ይዞት ይሄዳል። ቅጠሉም አበባውም መርዛማ ስለሆነ ውሻ ወይም ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።